የሚስኪ ሀቅ

መገናኛ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሐሩን፣ ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ በሰው አገር እንደ አገርህ ያኑርህ፤ የምትነዳውን መኪናም አንተንም ከክፉ ይጠብቅልኝ። እኔ አክስትህ ሰኪና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ማኩረፍ ለምዶ ነው እንጂ ይህን ሰሞን ያስኬድኩት መንገድ ፈውሶታል።

ወሬው ከወንድምህ ከአብዱልሐሚድ ሳይደርስህ ከኔ ስማው ብዬ ነው የምጽፈው። ሚስኪ አሁን እኔ ጋ ናት። ከሐይቅ የመጣችው የዘመዳችን ልጅ። አባቷ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሲያመጣት አብዱልሐሚድ ሥራ በዝቶበት አልመጣም፤ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። አባትየው እጇን እኔ እጅ ላይ አድርጎ «በአላህ አማና» ብሎ አደራ ሰጠኝ። ከዚያ ቦሌ ወስጄ ለወንድምህ ሚስት ለሳና አስረከብኳት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ከትምህርት ስትመለስ ሕፃኑን ትይዛለች ነበር ውሉ። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ሳና «ተኝታለች» ወይም «ሱቅ ልኬያታለሁ» ትለኛለች፣ እኔም አምናለሁ። ትምህርት ቤት እንኳን ደጁን አላየችውም ለካ።

ከወንድምህ ግቢ ጀርባ ተናኜ የምትባል ሴት አለች። የቦሌን አጥር መቼም ታውቀዋለህ፤ ጠርሙስ የተሰካበት ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቀው በመኪናው ቀለም ነው። ይህቺ ሴት አንድ ከሰዓት በኋላ የልጅ ለቅሶ ሰማች። ለቅሶው አይደለም ያስፈራኝ፣ ድንገት ፀጥ ማለቱ ነው ትላለች። በርሜል ላይ ወጥታ አጥሩን አሻግራ አየች። ያየችውን እዚህ አልጽፈውም። ብቻ ሳና ካውያ ይዛ ነበር።

ተናኜ ከበርሜሉ ወርዳ መንገድ ላይ ወጣችና «ኡኡ፣ የሰው ያለህ» አለች። እኛ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ካልሮጠ ሰው አይባልም። ቦሌ ላይ ግን መጀመሪያ ማንም አልወጣም። እሷም አላቆመችም። ዘበኞቹ ወጡ፣ ቀጥሎ የቤት ሠራተኞቹ፣ መጨረሻ ላይ ባለቤቶቹ በነጠላ ጫማ። በሩን አስከፍተው ልጅቷን ጣቢያ ወሰዷት።

ጣቢያው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አብዱልሐሚድን አስጠርቶ «የዘመድ ልጅ ናት፣ የቤት ጉዳይ ነው፣ ተነጋገሩ» ብሎ አስፈረመውና መልሶ ሰጠው። ካቃጠላት ቤት ያወጧትን ልጅ ወደዚያው ቤት። ቀበሌ ቢሄዱ «ፖሊስ ይዞታል» ተባሉ።

ተናኜ ጣቢያ ሳሉ ልጅቷን «ማን አለሽ?» ብላት ነበር። «መገናኛ ጫማ የምትሸጥ ሰኪና የምትባል አክስት አለችኝ» አለቻት። ይኼው ሴትዮዋ በማግስቱ መገናኛ መጥታ ጫማ ሻጭ ሁሉ ደጃፍ ላይ እየቆመች «ሰኪና ማናት?» ስትል ዋለች። እኔ ጋ ስትደርስ «ሰኪና ነሽ?» አለችኝ። «ነኝ፣ ስንት ቁጥር ልስጥሽ?» አልኳት። «ጫማ አይደለም፣ ልጅሽን ነው» አለችኝ። ወላሂ ሐሩን፣ ያን ቃል እስክሞት አልረሳውም።

አብረን ሄድን። ሳና በር ላይ ቆማ ስለ ገመና፣ ስለ ሰው ፊት ስታወራ «አማናዬን መልሺልኝ» ብቻ አልኳት። ሚስኪ በባዶ እግሯ ወጣች። ጫማ ሻጭ ዘመድ ያላት ልጅ።

ለቁስል የሚሆን ጥሩ ቅባት እዚያ አለ ይላሉ፤ ቢመችህ ላክልኝ።

አክስትህ ሰኪና


ጅዳ፣ ኅዳር 29 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለሰኪና

ወዐለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ጉልበትዎንም ያበርታልን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ብቻ ነው። ቅባቱን ወደ አገር በሚገባ በአንድ የከሚሴ ልጅ እጅ ልኬያለሁ። ለርስዎም ሻሽ አለበት።

ደብዳቤዎን ሳነብ ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። አብዱልሐሚድም ደውሎልኛል። እሱ እንደሚለው ሳና ቁጡ ናት እንጂ ክፉ አይደለችም፤ ካውያው ከእጇ አምልጧት ነው ይላል። እኔ ባሕር ማዶ ተቀምጬ የማንን ይዤ የማንን እጥላለሁ? ሁለታችሁም የአባቴ ቤት ናችሁ።

አክስቴ፣ ነገሩ ጋዜጣ ላይ እንዳይወጣ ያድርጉልኝ። የአባታችን ስም ነው የሚነሳው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉ የለ እርስዎ ራስዎ? እኛ አገር ደም የፈሰሰበት ነገር እንኳን በሽማግሌ ያልቃል። ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ልጅቷም ወደ አባቷ ትመለስ፣ የቀረውን አላህ ያውቃል።

ገርጂ የገዛኋት ቦታ በወንድሜ ስም መሆኗን ያውቃሉ። ይህን ያነሳሁት ለሌላ አይደለም፣ ግንቡ እስከ ምን እንደደረሰ አይተው እንዲጽፉልኝ ብዬ ነው።

ልጅዎ ሐሩን


መገናኛ፣ ጥር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለሐሩን

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ አላህ ልብህን ያስፋው። ቅባቱ ደርሷል፣ ጥሩ ነው፣ እያሻረላት ነው። ሻሹ ለሚስኪ ሆኗል። መልስ ያዘገየሁት ተናድጄ ነው፣ አልደብቅህም። በንዴት የተጻፈ ደብዳቤ ባሕር ከተሻገረ አይመለስም ብዬ እስኪበርድልኝ ጠበቅኩ። አልበረደልኝም፣ ግን ልጻፍ።

ካውያ ከእጅ የሚያመልጠው አንድ ጊዜ ነው ልጄ። ጀርባዋን የማጥብላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አትጻፍልኝ።

ግንቡን አላየሁም። ያየሁትን ልንገርህ። ጣቢያው ክስ አላነሳም ሲል ተናኜ ሴቶቹን ሰበሰበች። የቦሌ እመቤት ከነሠራተኛዋ፣ የመገናኛ በርበሬ ሻጭ፣ የዕድሯ ሴቶች፣ የኔ የመስጊድ ጓደኞች፤ ነጠላውም ሻሹም አንድ ላይ። ጠዋት ጠዋት ጣቢያው ደጃፍ ሄደው ይቀመጣሉ። አይጮኹ፣ አይሳደቡ። አንድ አለቃ ወጥቶ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ቢላቸው ተናኜ «ምንም፣ ቁጭ ብለን ነው» አለችው። ቁጭ እንዳሉ መዝገቡ ተከፈተ። ለሳናም መጥሪያ ሄደ። እኔ እንዲህ ያለ ሴት አይቼ አላውቅም። ልጅ የላትም፣ ከሚስኪ ጋር ዘር አትቆጥርም፣ ሃይማኖት አያገናኛቸውም። ብቻ ሰማሁ ብላ ነው። ሌላው ጎረቤት ሁሉ ሲሰማ ከርሟል እኮ፤ አሁን አንድ በአንድ እየመጡ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ይሉኛል።

ደግሞ የሰው ሐዘን ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ ተቀምጠው ያለቅሳሉ፣ ከዚያ «እስቲ ጀርባዋን» ይላሉ። ሚስኪም መጀመሪያ ላይ ቀሚሷን ልትገልጥ ትነሳ ነበር፤ ታዘዥ የተባለችውን ሁሉ መታዘዝ ለምዳለች። ተናኜ አንዱን «ብርቱካኑን አስቀምጥ፣ ዓይንህን ይዘህ ሂድ» ብላ አባረረችው። ጋዜጠኛም ካሜራ ይዞ መጣ። «ፎቶ ካማረህ ልጅቷን ሳይሆን የጣቢያውን በር አንሳ» አለችው። ልጁ ቅን ነው፣ አነሳው፣ ጋዜጣ ላይም ወጣ። የአባትህ ስም አልተጠቀሰም፣ እንቅልፍህን ተኛ።

ወንድምህ የሱቁን ቁልፍ ቀይሮታል። ሱቁ የሱ ነው፣ መብቱ ነው። ጫማዎቼን መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ዘርግቻለሁ። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሥራ ሲፈታ ጫማ ይለካል፣ እንዲያውም ገበያው አልከፋም።

ሽማግሌ ብለሃል። ወንድምህም ልኳል፤ ከቀጠሮው በፊት ከታረቅን ክሱ ይላላል ብለው መክረውታል። ሽማግሌ እምቢ አይባልም፣ እቀመጣለሁ። ሰብሳቢ አድርጎ የመረጠው ሸህ አብዱልገኒን ነው። እሳቸው ገብተውበት ያልታረቀ ሰው የለም ይባላል፤ አውቆ ነው የመረጣቸው። አባቷ ታሞ መምጣት ስላልቻለ «ለሰኪና ሰጥቻታለሁ፣ እሷ እንዳለች» ብሎ ልኳል። እንግዲህ ሁሉም የኔን አፍ ነው የሚጠብቀው። ዱዓ አድርግልኝ።

ሰኪና


ጅዳ፣ የካቲት 18 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለአክስቴ

ሰላም ለርስዎና ለሚስኪ ይሁን። ይህን ነገ ለሚሳፈር ሰው ስለምሰጥ አጭር ነው።

አክስቴ፣ አውፍ ይበሉ። ይቅር ይበሉና ነገሩ ይቁም። ሳና ከታሰረች ሕፃኑን ማን ይይዛል? ወንድሜ «አክስትህ ካልተመለሰች እኔና አንተም አንተዋወቅም» ብሎኛል። እኔ በዚህ አሸዋ ላይ ስባዝን የኖርኩት አንዲት ጣሪያ ልጥል ነው፤ እርስዎም እዚያው እንዲኖሩ ነበር ሐሳቤ። ሌላ ምን እላለሁ? አንዲት ቃል ናት።

ሐሩን


መገናኛ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለሐሩን

አላህ ከጭንቀት ይገላግልህ። ጭንቀትህ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩህም። አንዲት ቃል ናት ብለሃል። እንግዲህ አንዲቷ ቃል ምን እንደሆነች ልንገርህ።

የተቀመጥነው ከጁምዓ በኋላ ወንድምህ ሳሎን ነው። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሸህ አብዱልገኒ መሐል፣ እኔ በር አጠገብ፣ ሚስኪ ከኔ ኋላ ሻሿን እስከ አፏ ስባ። ተናኜ ሽማግሌ ውስጥ ምን ልግባ ብላ ግቢው ውስጥ ቀረች።

ነገሩ ተነገረ። ወንድምህ ተናገረ፣ አለቀሰም፤ እውነቱን ነው ያለቀሰው፣ እሱን አልነፍገውም። ቀጥሎ ሳና ከጓዳ ወጥታ መሐል ላይ ተንበረከከች። አንደኛው ሽማግሌ ወደኔ ዞሮ «በይ ሰኪና፣ ስለ ልጅቷ አውፍ በይ» አለኝ። ሳሎኑ ሙሉ አየኝ። ሐሩን፣ አንተም ትዝ አልከኝ። ቦታህም፣ ሱቄም፣ የሞተው አባትህም ትዝ አሉኝ። ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች።

«እኔ አማና ተቀባይ ነኝ» አልኩ። «የተቀበልኩትን እመልሳለሁ እንጂ በሰው ዕቃ አልቸርም። የተቃጠለው የኔ ጀርባ አይደለም።»

ተንጫጩ። ወንድምህ «ይኼ እልህ ነው» አለ። ያው ሽማግሌ «እንግዲያው ከልጅቷ ከራሷ ይሁን፤ ነይ ልጄ፣ ተነሽና አውፍ በያት» አለ። ሚስኪ ተነሳች። ታዘዥ የተባለችውን ትታዘዛለች ብዬህ የለ? ልይዛት ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ የሽማግሌ ቃል አቋርጬ አላውቅም። ሳሎኑ መሐል ቆማ፣ አይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ፣ አፏን ስትከፍት ሸህ አብዱልገኒ እጃቸውን አነሱ።

«አትበይ ልጄ» አሏት። «ዝም በይ።»

ሰውየው ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ሁሉም ወደሳቸው ዘንበል ብሎ ነው የሚሰማው። «ያልደረሰ ልጅ ሀቁን መተው አይችልም» አሉ። «ቢተውም አይቆጠርም። ያሳደገውም ሰው ስለሱ ሊተውለት አይችልም፣ የሱ አይደለማ። ይህን ሁላችንም ቂርአት ስንቀራ ተምረነዋል፣ ለንብረት ሲሆን እናስታውሰዋለን። የልጅ በግ ያለ ሀቁ የሸጠ ሰው ቢመጣ በጉን እናስመልሰዋለን። ለቆዳዋ ሲሆን ነው እንዴ የምንረሳው?»

ወንድምህ «ሸህ፣ ለዕርቅ ነው የጠራንዎት» አላቸው። «ታዲያ መች እምቢ አልኩ?» አሉት። «ልጅቷ ስትደርስ፣ ልብ ስትገዛ ጠይቋት። ያን ጊዜ ከፈለገች ትተዋለች፣ ካልፈለገች አትተውም። እስከዚያ ይህ ነገር በኛ አያልቅም። ፍርድ ቤት ያያል ካለ ይይ።» ከዚያ ሳናን አዩዋት። «አንቺም ተነሽ፣ ጉልበትሽን አታሳምሚ። የምትለምኚው ሰው ገና አላደገም።»

ዱዓ አድርገው ተነሱ። ሲወጡ ተናኜ ግቢው ውስጥ ቆማ ስትጠብቅ አገኟትና «ኡኡ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አሏት። «ነኝ አባቴ» አለች። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉላት። ሸህ አብዱልገኒ ለሴት ጎንበስ ሲሉ ያየ ማን ነው? ወንድምህ እሳቸውን ለዕርቅ ሲመርጥ ደግነታቸውን አስቦ ነበር፤ ደግ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፍ መስሎት።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዷል። ቃሌ ይኼ ነው፣ ቢጎዳህም።

አክስትህ ሰኪና


ጅዳ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለምወድዎት አክስቴ ለሰኪና

አላህ የርስዎን ዓይነት ሰው ከቤታችን አያጥፋ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው፤ ያመጣው ሰው መዲና ቆይቶ ነበር። ካነበብኩትም በኋላ ለመጻፍ ስነሳ ስቀመጥ ከረምኩ።

አርብ አርብ የአገር ልጆች እኔ ክፍል እንሰበሰባለን። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «አትበይ ልጄ» የሚለው ላይ ስደርስ አንድ የደሴ ልጅ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ ግንበኛ ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። እሱም በልጅነቱ ሰው ቤት ነው ያደገው ለካ። አምስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን ስለዚህ አላወራንም።

አክስቴ፣ እርስዎን ሳላውቅዎ ነው የኖርኩት። ጫማ ሲለኩና ከገዢ ጋር ሲቀልዱ ነበር የማውቅዎ። ያን ሁሉ ዘመድ ፊት ለፊት አይተው፣ እኔንም ጨምሮ፣ በሰው ዕቃ አልቸርም አሉ። ተናኜንም እጅ ነሳሁ ይበሉልኝ። እኔ ብሆን አጥር ላይ ወጥቼ አይቼ በርሜሉን ወደ ቦታው የምመልስ ሰው ነበርኩ፤ ደብዳቤዎቼን ሳስታውስ ይኼው ነው የሚታየኝ።

አብዱልሐሚድ ደውሎ ነበር። ሳና እንደተፈረደባት ነገረኝ። ቦታውንም አነሳ። «ወንድሜ ነህ፣ ስለ ቦታው ግን አልለምንህም» አልኩት። ቀለል አለኝ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ጅዳ ላይ መኪና እስካለ ድረስ ሹፌር ይበላል።

ለሚስኪ ጫማ ልልክ አሰብኩና ጫማ ሻጭ ቤት ጫማ መላክ ቂልነት መሰለኝ። የደብተር ቦርሳ ልኬያለሁ። ሰማያዊ ነው። አልወደውም ካለች ትንገረኝ፣ ሌላ እልካለሁ። አልወደውም ማለት ትልመድ።

ልጅዎ ሐሩን


ቦሌ፣ መጋቢት 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐሩን

አላህ ያሰብከውን ይሙላልህ፣ ሚስትም ይስጥህ፤ ጺምህ ሸበተ ብለው ነግረውኛል።

አድራሻዬ መለወጡን ታያለህ። ተናኜ ባሏን አስፈቅዳ የዚያን የጠርሙስ አጥር በመንገዱ በኩል አንድ ጥግ አፈረሰችና ሱቅ አወጣችልኝ። ባልየው «አጥር የሌለው ቤት ምን ይባላል?» ቢላት «ጎረቤት ያለው ቤት» አለችው። አሁን የቦሌ ሰው ነኝ፣ ስትመጣ ቀጠሮ ይዘህ ነው።

ሚስኪ ሁለተኛ ክፍል ናት። አምና ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ስትገባ ከሁሉ በቁመት በልጣ ታፍር ነበር፤ አሁን ግን ክፍሉን የምታስተዳድረው እሷ ናት ብሎኛል መምህሯ። ሰማያዊው ቦርሳ ማሰሪያው ተበጥሶ ሁለቴ አሰፋሁት፣ አልቀይርም አለች። ከትምህርት ስትመለስ ባንኮኒው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ቁጥር ሲጠፋብኝም ጫማ ትፈልግልኛለች። አሁን «ልብሱን አምጪ» ስላት «ቆይ፣ ልጨርስ» ትለኛለች። እናደዳለሁ፣ ከዚያ ዞር ብዬ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ሳና መጣች። ጊዜዋን ጨርሳ ከወጣች ቆይታለች፤ ከስታለች፣ ሻሿም የሷ አይመስልም። ብቻዋን ነበረች፣ ሽማግሌም አልያዘችም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ተናኜ ከግቢ ሰምታ መጥታ በሩን ይዛ ቆመች።

ሳና ሚስኪን «ልጄ፣ አውፍ በይኝ» አለቻት። እያለቀሰች ነው። እውነት ለመናገር አንጀቴን በላችው።

ሚስኪ ከደብተሯ ቀና ብላ አየቻት። አልፈራችም፣ አልተቆጣችምም። ደንበኛ እንደምታስተናግድ ሰው ነው ያየቻት።

«ገና አልደረስኩም እትዬ» አለቻት። «ስደርስ ይምጡ።»

እርሳሷን አንስታ የቤት ሥራዋን ቀጠለች። ሳናም ሄደች።

ስትደርስ ምን ትላት ይሆን? እኔ አልጠየቅኋትም። አንተም ስትጽፍላት አትጠይቃት።

አክስትህ ሰኪና